አማካዩ የደበቀው ሦስት ማዕዘን

ኤፕሪል 18 ቀን 2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፍሎሪዳዋ ታምፓ ከተማ በተካሄደው የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ጉባኤ ላይ፣ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ አራት የምርምር ቡድኖች ያልተጠበቀ መግለጫ ሰጡ። ብራምስ፣ ፊኒክስ፣ ፎቦስና ስታር የሚባሉት ቡድኖች የወርቅ ኒውክለሶችን እርስ በርስ እያላተሙ ለዓመታት ያከማቹትን መረጃ መርምረው ነበር። ከግጭቱ የሚወለደው ነገር ብዙዎች እንደገመቱት ጋዝ ሳይሆን ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። ውስጣዊ ሰበቃው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ “ፍጹም” ለመባል ምንም ያልቀረው ፈሳሽ ነው አሉ።

ያ ቀን እስከ ዛሬ የግኝቱ ልደት ተደርጎ ይጠቀሳል። እኔ መግለጫው ስህተት ነበር አልልም፤ ማስረጃው ግን ገና ግማሽ ነበር። የቀረው ግማሽ የተገኘው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የተገኘበት ቦታ ደግሞ ብዙዎች ያልጠረጠሩት ነበር፤ ተመራማሪዎቹ አማካይ እየወሰዱ ሲያጠፉት የኖሩት፣ ከግጭት ግጭት የሚለያየው ጉርብጥብጥ ቅርጽ ውስጥ። ስለዚህ ፈሳሽ የምናውቀውን በእርግጠኝነት ማወቅ የጀመርነው ለስላሳውን አማካይ ትተን ጉርብጥብጡን ማየት ከጀመርን ወዲህ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

መጀመሪያ ግጭቱን እንየው። የብሩክሄቨኑ ማፋጠኛ፣ በአጭር ስሙ ሪክ፣ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ የተዘረጋ 3.8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ቀለበት ነው፤ ሥራ የጀመረው በ2000 ነው። በውስጡ ሁለት የወርቅ ኒውክለስ ጅረቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይበራሉ፤ ፍጥነታቸው ከብርሃን ፍጥነት 99.995 በመቶ ይደርሳል። እያንዳንዱ ኒውክለስ በድምሩ 197 ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች አሉት። በዚህ ፍጥነት ላይ ኒውክለሱ በአንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ መሠረት በጉዞው አቅጣጫ መቶ እጥፍ ያህል ስለሚጨማደድ ድቡልቡል መሆኑ ይቀርና ስስ ዝርግ ይሆናል። ሁለቱ ዝርጎች ተላትመው ሲተላለፉ በመካከላቸው የሚቀረው ነገር ሙቀቱ በትሪሊዮን ዲግሪ ይለካል። የፊኒክስ ቡድን በ2010 ይፋ ያደረገው ግምት ወደ 4 ትሪሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። የፀሐይ እምብርት ሙቀት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው፤ ልዩነቱን አንባቢ ራሱ ያስላው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ፕሮቶንና ኒውትሮን ቀልጠው በውስጣቸው ታስረው የኖሩት ኳርኮችና ግሉዮኖች ይለቀቃሉ። ይህ ኳርክ ግሉዮን ፕላዝማ የሚባለው ነገር ዕድሜው ብርሃን አንድ ትልቅ ኒውክለስን ለማቋረጥ ከሚፈጅበት ጊዜ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ በርዶ ወደ ተራ ቅንጣቶች ይመለሳል፤ ከአንድ የፊት ለፊት የወርቅ ግጭት ወደ 5,000 የሚጠጉ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ይበተናሉ።

ፕላዝማውን ራሱን በዓይኑም በመሣሪያውም ያየ የለም። ወደ መሣሪያው የሚደርሰው ፍንጣሪው ብቻ ነው። ታዲያ ከፍንጣሪ ብቻ ተነስቶ ይህ ፈሳሽ ነበር፣ ያኛው ጋዝ ነበር ማለት እንዴት ይቻላል?

ጋዝ ይሆናል ብሎ መጠበቁ በቂ ምክንያት ነበረው። በ1973 ግሮስ፣ ዊልቼክና ፖሊትዘር ኳርኮችን የሚያስተሳስረው ብርቱ ኃይል በጣም ሲቀራረቡ እየላላ እንደሚሄድ አሳዩ፤ በ2004 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሙቀቱ በበቂ መጠን ከጨመረ ኳርኮቹ እርስ በርስ ብዙም ሳይነካኩ እንደልባቸው የሚበሩበት ጋዝ ይፈጠራል የሚለው ግምት ከዚህ የተወሰደ ነው። በሌላ በኩል የሩሲያው ሌቭ ላንዳው ገና በ1953፣ ኳርክ የሚባል ነገር ከመታሰቡ በፊት፣ በኃይለኛ ግጭት የሚወለዱ ብዙ ቅንጣቶችን በፈሳሽ እንቅስቃሴ ሕግ መግለጽ ይቻላል ብሎ ነበር። በ1984 ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ፣ ቤቫላክ በተባለው ማፋጠኛ፣ ከግጭት የሚወጡ ቅንጣቶች ተያይዘው ወደ አንድ ጎን የሚገፉበት የጋራ ፍሰት ታይቷል። ያ ግን ዝቅ ባለ ኃይል የተገኘ የኒውክለስ ፍሰት ነው፤ ስለ ኳርኮች የሚነግረን ነገር አልነበረም።

ፈሳሽን ከጋዝ የመለያውን መንገድ ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ዣን ኢቭ ኦሊትሮ ነው፤ በ1992። ሁለት ኒውክለሶች ብዙውን ጊዜ መሐል ለመሐል አይገናኙም፤ ጎን ለጎን ተነካክተው ያልፋሉ። የሚደራረቡበት ቦታ ሞላላ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ይጠባል፣ በሌላው ይረዝማል። በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ሳይነካኩ የሚበሩ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሞላላነት ምንም ምልክት ሳይተው ይጠፋ ነበር፤ እያንዳንዱ በፈለገው አቅጣጫ ስለሚሄድ ፍንጣሪው በዙሪያው እኩል ይሰራጫል። ፈሳሽ ከሆነ ግን ግፊት አለ። ግፊቱ ከመሐል ወደ ዳር የሚወርደው ጠባብ በሆነው በኩል በአጭር ርቀት ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ያለው አገፋፍ ይበረታል። ስለዚህ በጠባቡ አቅጣጫ ብዙ ቅንጣት ይወጣል፣ በረጅሙ አቅጣጫ ጥቂት። መነሻው ላይ የነበረው ቅርጽ በመጨረሻው ፍጥነት ላይ ታትሞ ይወጣል ማለት ነው። ይህ ሞላላ ፍሰት ይባላል።

የስታር ቡድን በ2001 ያሳተመው የመጀመሪያ ልኬት ይህን ፍሰት ፊት ለፊት አሳየ። መጠኑን ጠጋ ብለን ብናየው፣ ከመሐል ወጣ ባሉ ግጭቶች ላይ በአማካይ 6 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በጠባቡ አቅጣጫ 100 ቅንጣት ሲወጣ በረጅሙ 79 ያህል ብቻ ይወጣል ማለት ነው። ፈጣኖቹን ቅንጣቶች ብቻ ከመረጥን ልዩነቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዚህም በላይ በዝቅተኛው ፍጥነት አካባቢ ከባዶቹ ቅንጣቶች ከቀላሎቹ ያነሰ ሞላላነት ያሳያሉ፤ ሁሉም በአንድ የጋራ ፍጥነት ተገፍተው የሚወጡ ከሆነ መሆን ያለበት ይኸው ነበር። ሰበቃ የለውም ተብሎ የታሰበ ፈሳሽ ስሌትም ከልኬቱ ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ገጠመ። በዚያው በ2005 ኮቭቱን፣ ሶንና ስታሪኔትስ ከሕብረቁምፊ ንድፈ ሐሳብ ተነስተው የማንኛውም ፈሳሽ ዝልግልግነት (ማለትም ውስጣዊ ሰበቃው) ለኢንትሮፒው ሲካፈል በተፈጥሮ አሃድ ከ0.08 ገደማ በታች ላይወርድ እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ፤ ከወርቁ ግጭት የሚወጣው ፈሳሽም ወደዚያ ወለል የተጠጋ መሰለ። የታምፓው መግለጫ የቆመው በእነዚህ ላይ ነው፤ ለመግለጫ ያበቃል።

ግን አንድ ክፍተት ነበረ። የሞላላ ፍሰት መጠን በሁለት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፤ መነሻው ምን ያህል ሞላላ ነበር፣ ፈሳሹስ ምን ያህል ይዘለገለጋል። ሁለቱንም አናውቅም፤ የተለካው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። መነሻውን ሞልለል አድርጎ የገመተ ሰው ፈሳሹ የበለጠ ዝልግልግ ነው ብሎ ያንኑ ልኬት ያገኛል። ይህ ባዶ ስጋት አልነበረም። ሉዙምና ሮማችኬ በ2008 ዝልግልግነትን ያካተተ ስሌት ሲሠሩ በአንድ የመነሻ ግምት 0.08 ገደማ፣ በሌላው 0.16 ገደማ አገኙ። እጥፍ ልዩነት ነው። የ2005ቱ ግጥምጥሞሽ ከፊሉ መልካም ዕድል እንደነበር ዛሬ በግልጽ መናገር ይቻላል፤ የተናገሩትን ሰዎች ክብር አይቀንስም።

ክፍተቱን ለመድፈን የሚያስፈልገው ነገር በመረጃው ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቀምጦ ነበር፤ ያውም የችግር መልክ ይዞ። ሦስት ቦታ ላይ ታይቷል።

አንደኛው የመዳብ ነገር ነው። በ2005 ሪክ ከወርቅ በጣም ትንሽ የሆነውን የመዳብ ኒውክለስ አላተመ። መዳቦቹ መሐል ለመሐል ሲገናኙ መደራረቢያው ክብ ስለሚሆን ሞላላ ፍሰት ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። የፎቦስ ቡድን ግን ጉልህ ፍሰት አገኘ። ሁለተኛው “ሸንተረር” የተባለው ነው። ከአንድ ግጭት የወጡ ሁለት ቅንጣቶችን እያጣመሩ በመካከላቸው ያለውን አንግል ሲቆጥሩ፣ በጅረቱ አቅጣጫ በጣም የተራራቁ ቅንጣቶች ሳይቀሩ በዙሪያው አንግል ተቀራርበው ይወጣሉ። ሦስተኛውን ጠጋ ብለን እናጢነው። አንድ ፈጣን ቅንጣት ከተመረጠ በኋላ ከእሱ አንጻር የሌሎቹ አንግል ይቆጠራል። ሚዛኑ እንዲጠበቅ አጸፋው ከትይዩ፣ በ180 ዲግሪ መውጣት ነበረበት። የሞላላው ፍሰት ድርሻ ሲቀነስ የቀረው ግራፍ ግን በ180 ዲግሪ ላይ ጎድጎድ ብሎ በግራና በቀኙ ሁለት ጉብታ አወጣ።

ለእያንዳንዱ የራሱ ማብራሪያ ተበጀለት። ለሁለቱ ጉብታዎች የቀረበው ማብራሪያ በጣም የሚማርክ ነበር፤ ፈጣን ኳርክ በፈሳሹ ውስጥ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲበር ከኋላው የሾለ የድንጋጤ ማዕበል ይተዋል፣ ጉብታዎቹ የዚያ ማዕበል ዱካ ናቸው ተባለ። ብዙ ጽሑፍ ተጻፈበት። ጉብታዎቹ የተቀመጡበትን ቦታ ግን ተመልከቱ፤ አንዱ በ120 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌላው በ240 ዲግሪ አካባቢ። በመነሻው ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለውን ጫፍ ስንጨምርበት ሦስት እኩል የተራራቁ ጫፎች እናገኛለን። ሦስት ማዕዘን ዓይን ላይ ተደቅኖ ነበር!

ለምን አልታየም? ተመራማሪዎቹ ብልህ ስላልነበሩ አይደለም። ሁለት ክብ ነገሮች ሲደራረቡ የሚፈጠረው ቅርጽ ግራና ቀኙ፣ ላይና ታቹ እኩል ነው፤ እንዲህ ባለ ቅርጽ ውስጥ ሦስት ጫፍ ያለው ፍሰት ሊኖር አይችልም፣ ከመነሻው ዜሮ ነው። ይህ ክርክር በሒሳብ ረገድ እንከን የለውም። የተሳሳተው ስለ ኒውክለሱ ያለው ሥዕል ነው። ለስላሳ ክብ ኒውክለስ በአማካይ እንጂ በእውን የለም። በአንዲት ቅጽበት፣ በአንድ ግጭት ውስጥ፣ 197ቱ ቅንጣቶች እዚህ ተሰባስበው እዚያ ሳስተው ነው የሚገኙት፤ መደራረቢያውም ጠርዙ የተዛነፈ፣ ውስጡ የተጎበራበጠ ይሆናል። ሚሊዮን ግጭቶች ላይ አማካይ ሲወሰድ ጉብታዎቹ ይጠፋሉ፤ ለስላሳ ሞላላ ይቀራል። ፈሳሹ ግን አማካይ አያውቅም። የሚፈሰው በየግጭቱ ካለው ጉርብጥብጥ ተነስቶ ነው።

ይህን አስቀድመው ያዩ ነበሩ። በሕንድ ቡባነሽዋር የአጂት ስሪቫስታቫ ቡድን በ2008 የኒውክለስ ግጭትን ከጠፈሩ ጥንታዊ ጨረር ጋር አነጻጽሮ፣ ሞላላውን ብቻ ሳይሆን ሦስትና አራት ጫፍ ያላቸውንም የፍሰት ዓይነቶች መለካት እንደሚገባ ሐሳብ አቀረበ። የጠፈር ተመራማሪዎች በዚህ ቀድመዋል፤ የዓለሙ ጨረር በአማካይ ከሞላ ጎደል ወጥ ነው፣ ስለ ዓለም አወላለድ ብዙውን የነገራቸው ግን ከመቶ ሺህ አንድ ያህል የሆነው መዋዠቅ ነበር። በብራዚል ደግሞ እነ ጁን ታካሃሺ በ2009 ለየግጭቱ የተጎረባበጠ መነሻ ሰጥተው ፈሳሹን በኮምፒዩተር ሲያስፈስሱት ሸንተረሩ ያለ ምንም ተጨማሪ ምክንያት ራሱ ወጣ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚገባቸውን ያህል አይነሱም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ነገሩን የቋጨው በ2010 የወጣው የቡራክ አልቨርና የጉንተር ሮላንድ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም የፎቦስ ቡድን አባላት ስለነበሩ የመዳቡን እንቆቅልሽ በእጃቸው ይዘውት ኖረዋል። ለመዳቡ የተገኘው መልስ፣ ሞላላነቱን ከአማካዩ ቅርጽ ሳይሆን በየግጭቱ በእርግጥ ከተላተሙት ቅንጣቶች አቀማመጥ ማስላት ነበር። እዚህ ሐሳብ ላይ ሌላ አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ የተላተሙት ቅንጣቶች አቀማመጥ ሞላላ ብቻ ሳይሆን ሦስት ማዕዘንም ሊሆን ይችላል፣ ያም ወደ ሦስት ማዕዘን ፍሰት ይለወጣል። በዚህ አንድ እርምጃ ሸንተረሩም ሁለቱ ጉብታዎችም በአንድ ላይ ተፈቱ። የድንጋጤ ማዕበሉ አላስፈለገም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በጄኔቫ አቅራቢያ ያለው የሰርን ትልቁ ማፋጠኛ እርሳስን ከእርሳስ ማላተም ጀመረ። የአሊስ ቡድን በ2011 ባወጣው ልኬት እጅግ መሐል ለመሐል በሆኑት ግጭቶች ውስጥ ሁለቱ ጉብታዎች ዳግም ታዩ፤ በተናጠል የተለኩት የሞላላ፣ የሦስት ማዕዘን፣ የአራት ማዕዘንና የአምስት ማዕዘን ፍሰቶች ሲደመሩም ያው ግራፍ ወጣ። በእነዚህ ግጭቶች ውስጥ ሦስት ማዕዘኑ ከሞላላው የሚያንስ አልነበረም።

ወደ ክፍተቱ እንመለስ። የሦስት ማዕዘኑ ፍሰት የሚጠቅመን ቁጥር ስለጨመረልን ብቻ አይደለም። በሳህን ውሃ ላይና በሳህን ማር ላይ ሞገድ ብንቀሰቅስ ማሩ ውስጥ ቀድመው የሚሞቱት ደቃቆቹ ሞገዶች ናቸው፤ ዝልግልግነት ጠላትነቱ ከደቃቅ ነገር ጋር ነው። በግጭቱ ውስጥም እንዲሁ፤ የፍሰቱ ጫፎች ቁጥር በጨመረ መጠን መዳከሙ በዚያው ቁጥር ካሬ ያድጋል። ስለዚህ አምስት ማዕዘኑ ከሦስት ማዕዘኑ፣ ሦስት ማዕዘኑ ከሞላላው አንጻር ምን ያህል እንደተረፈ ማየት ዝልግልግነቱን ከመነሻው ቅርጽ ለይቶ ለመመዘን ያስችላል። ሁለት ያልታወቁ ነገሮች በብዙ ልኬቶች ተያዙ። በርንሃርድ፣ ሞርላንድና ባስ በ2019 ብዙ ልኬቶችን ባንድ ላይ ሚዛን ላይ አውጥተው ዝቅተኛውን እሴት 0.085 አካባቢ አደረሱት፤ ከስህተት ወሰኑ ጋር። ከ0.08 ወለል ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደተጠጋ ግልጽ ነው። “ፍጹም ፈሳሽ” የሚለው ቃል እውነተኛ ልኬት ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ጉብታዎቹ እስከ መሣሪያው ድረስ መትረፋቸው ራሱ ፈሳሹ ዝልግልግ ላለመሆኑ ምስክር ነው፤ ዝልግልግ ቢሆን ኖሮ ጉብታዎቹን ራሱ ያለሰልሳቸው ነበር።

በዚህ ክርክር ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ብርቱው ከትንንሾቹ ግጭቶች የሚመጣው ነው። ጉርብጥብጥን ፍለጋ ስንሄድ ያገኘነው ፈሳሽ በማይጠበቅበት ቦታም ተገኘ። የሰርኑ ሲኤምኤስ ቡድን በ2010 ብዙ ቅንጣት በሚወጣባቸው የፕሮቶንና ፕሮቶን ግጭቶች ውስጥ ሸንተረሩን አየ፤ በ2012 ደግሞ በፕሮቶንና እርሳስ ግጭቶች ውስጥ። ሁለት ፕሮቶን የሚፈጥሩት ጠብታ ፈሳሽ ከተባለ “ፈሳሽ” የሚለው ቃል ትርጉሙን አላጣም ወይ? ሸንተረሩ ግሉዮኖች ከግጭቱ በፊት ይዘውት የመጡት ዝምድና ነው የሚሉ አሉ፤ ጥቂት መነካካት ብቻ በቂ ነው፣ እውነተኛ ፈሳሽ አያስፈልግም የሚሉም አሉ። በትልልቆቹ ግጭቶች ውስጥ ፈጣን ኳርኮች ፈሳሹን ሲያቋርጡ ጉልበታቸውን ያጣሉ፤ በትንንሾቹ ውስጥ እንዲህ ያለው ኪሳራ በግልጽ አልታየም። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም።

የፊኒክስ ቡድን ፈተና አዘጋጀ። ፕሮቶን፣ ዲዩቴሮንና ሂሊየም 3 በየተራ በወርቅ ላይ ተወረወሩ፤ የመጀመሪያው አንድ ጠብታ፣ ሁለተኛው ሞላላ የሚሆኑ ሁለት ጠብታዎች፣ ሦስተኛው ሦስት ማዕዘን የሚሠሩ ሦስት ጠብታዎች እንዲፈጥር ታስቦ ነው። በ2019 ታትሞ የወጣው ውጤት ፍሰቱ የመነሻውን ቅርጽ እንደሚከተል አሳየ፤ በሂሊየም ግጭት ሦስት ማዕዘኑ ይጎላል። ኋላ ግን ስታር በ2023 ባሳተመው ልኬት የሦስት ማዕዘኑ ፍሰት በሦስቱም ላይ ተቀራራቢ ሆነ፤ ፕሮቶን ራሱ በውስጡ የተጎረባበጠ እንደሆነና ያ ጉርብጥብጥ መቆጠር እንዳለበት የሚጠቁም ነው። ለእኔ ይህ ልዩነት የቀደመውን ትምህርት የሚያጠናክር ነው፤ በኒውክለስ ደረጃ ችላ ያልነው ነገር በፕሮቶን ደረጃም ችላ አይባልም።

ስንት ቅንጣት ሲሰበሰብ ፈሳሽ ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ከወርቁ ቀለበት ውጭም ፍንጭ አለ። በዱክ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እጅግ የቀዘቀዙ የሊቲየም አቶሞች ከሞላላ ወጥመድ ሲለቀቁ እንደ ኒውክለሱ ፕላዝማ በጠባቡ አቅጣጫ ተስፋፍተው ታዩ፤ በሙቀት ረገድ የዓለማችን ሁለት ተቃራኒ ጫፎች አንድ ዓይነት ባሕርይ አሳዩ። በቅርቡ ደግሞ የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች ያንኑ በ10 አቶሞች ብቻ አደረጉት። አሥር! ፈሳሽ ለመሆን ወሳኙ ብዛት ከሆነ ይህ ሊሆን አይገባም ነበር። የእኔ ፍርድ ወሳኙ የትስስሩ ብርታት ነው የሚል ነው፤ ብርቱ ትስስር ካለ ጥቂቶችም በጋራ ይፈሳሉ። የኳርኩ ጠብታ ግን የራሱን ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ የሊቲየሙ ሊተካለት አይችልም።

በዚህ መሐል ጉርብጥብጡ ሌላ ሥራ አግኝቷል። ፍሰቱ የመነሻውን ቅርጽ ይዞ የሚወጣ ከሆነ በተቃራኒው ከፍሰቱ ተነስቶ የኒውክለሱን ቅርጽ ማንበብ ይቻላል። ስታር በ2024 በኔቸር መጽሔት ባወጣው ሥራ የዩራኒየምን ግጭት ክብ ለመሆን ከተጠጋው ከወርቅ ጋር አነጻጽሮ፣ ዩራኒየም የረዘመ ቅርጽ እንዳለው፣ በጥቂቱም ከዘንግ ዙሪያ እንደተዛባ አሳየ። የቆየው የኒውክለስ ፊዚክስ ይህን የሚለካው ኒውክለሱ ረጋ ብሎ ሲሽከረከር ነው፤ ግጭቱ ግን ኒውክለሱ ለመሽከርከር ጊዜ ሳያገኝ በአንዲት ቅጽበት ያነሳዋል።

በጁላይ 2025 ሰርን ኦክስጅንን ከኦክስጅን፣ ኒዮንን ከኒዮን አላተመ። ሁለቱ በብዛት የሚለያዩት በአራት ቅንጣት ብቻ ነው፣ 16 እና 20፤ ስለ ፈሳሹ ያለንን ጥርጣሬ በንጽጽር ለማስወገድ እንዲህ የተመቸ ጥንድ ማግኘት ይከብዳል። የኒውክለስ ንድፈ ሐሳብ ኒዮን ከኦክስጅን ይልቅ ረዘም ያለ ቅርጽ እንዳለው አስቀድሞ ተንብዮ ነበር። በመሐል ለመሐል ግጭቶች ውስጥ የኒዮኑ ሞላላ ፍሰት ከኦክስጅኑ በልጦ ተለካ፤ የአሊስ ቡድን ያወጣው ልኬትም ከፈሳሹ ስሌት ጋር ተጣጣመ። ሃያ ቅንጣት ከሃያ ቅንጣት ተላትሞ የመነሻ ቅርጹን ለመሣሪያው ካስተላለፈ፣ ቀጣዩ ጥያቄ በእነዚያው ግጭቶች ውስጥ የሚያልፉት ፈጣን ኳርኮች ጉልበታቸውን ምን ያህል ያጣሉ የሚለው ነው፤ የትንንሾቹ ጠብታዎች ክርክር የሚፈታውም በዚያ ልኬት ይመስለኛል።